ከቤተ ሙከራ እስከ መኝታ ክፍል፦ አሸጋጋሪ ተመራማሪዎችን የማሠልጠን ታሪክ

መግቢያ

ያለፉት አንድ መቶ ዓመታት የሕክምና ሳይንስ ታሪክ የግኝቶች ታሪክ ብቻ አይደለም። ግኝቶቹን ከቤተ ሙከራ አውጥተው በሽተኛው ወደ ተኛበት አልጋ ያደረሱ፣ በበሽተኛው ዘንድ የታየውን እንቆቅልሽም መልሰው ወደ ቤተ ሙከራ የወሰዱ ሰዎች ታሪክም ነው። ይህ ዓይነቱ ሥራ በዓለም አቀፉ የሕክምና ቋንቋ “ትራንስሌሽናል ሪሰርች” ተብሎ ይጠራል፤ በአማርኛ አሸጋጋሪ ምርምር ማለት ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ2003 የታተመ አንድ ጥናት የጉዳዩን ክብደት በቁጥር አሳይቷል። አጥኚዎቹ ከ1979 እስከ 1983 ድረስ በስድስት ስመ ጥር የመሠረታዊ ሳይንስ መጽሔቶች ላይ የወጡና ግኝታቸው ለሕክምና ትልቅ ተስፋ እንዳለው በግልጽ ያስታወቁ 101 ጽሑፎችን መርጠው፣ ከሃያ ዓመታት ገደማ በኋላ የት እንደ ደረሱ ተከታተሉ። በዘፈቀደ ምደባ በሚካሄድ የክሊኒክ ሙከራ እስከ መፈተን የደረሱት 27 ብቻ ነበሩ። ለሕክምና አገልግሎት ፈቃድ ያገኙት አምስት ሲሆኑ፣ በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው ግን አንድ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት አሜሪካውያን የዘርፉ ሊቃውንት ባወጡት ሌላ ጽሑፍ፣ የሕክምና ዕውቀት ጉዞ በሁለት ቦታዎች ላይ እንደሚሰናከል አመለከቱ። አንደኛው ከቤተ ሙከራ ወደ ሰው በሚደረገው ሽግግር ላይ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በሰው ላይ ተፈትኖ የተረጋገጠው ዕውቀት የዕለት ተዕለት የሕክምና ሥራ እንዲሆን በሚደረገው ጥረት ላይ ነው።

ለዚህ መሰናክል ብዙ ምክንያቶች ይጠቀሳሉ፤ የገንዘብ እጥረት፣ የሕግና የቁጥጥር ውጣ ውረድ፣ የመድኃኒት ኩባንያዎች የጥቅም ስሌት ከእነዚህ መካከል ናቸው። ታሪኩን ወደ ኋላ ተመልሶ የሚመረምር ሰው ግን አንድ ተደጋጋሚ ነገር ያገኛል። ሽግግሩ በተሳካበት ሥፍራ ሁሉ የሁለቱንም ወገን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ቆሞ ይታያል፤ ያ ሰው ደግሞ በአጋጣሚ የተገኘ ሳይሆን በአንድ የሥልጠና ሥርዓት ውስጥ ያለፈ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሥርዓቱ እንዴት እንደ ተጀመረ፣ ምን እንዳጎደለና እንዴት የዶክትሬት ተማሪዎችን ሊያካትት እንደ ቻለ መዘርዘር፣ እንዲሁም ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎች ያለውን ትርጉም ማሳየት ነው።

በምርምር ተቋም ውስጥ የተከፈተ ሆስፒታል

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የበሽታ አምጪ ተሕዋስያን መታወቅ የሕክምናን ሥራ ከቤተ ሙከራ ጋር አስተሳሰረው። ይሁን እንጂ በዚያን ዘመን አብዛኛው ሐኪም የግል ሥራውን እየሠራ በትርፍ ጊዜው የሚያስተምር ነበር፤ በቤተ ሙከራ የሚውለው ሳይንቲስት ደግሞ በሽተኛን የሚያይበት ዕድል እምብዛም አልነበረውም። በ1901 በኒው ዮርክ የተመሠረተው የሮክፌለር የሕክምና ምርምር ተቋም ይህን ክፍተት ለማጥበብ በ1910 የራሱን ሆስፒታል ከፈተ። በሆስፒታሉ የሚታከሙት ሰዎች ተቋሙ ሊመረምራቸው የመረጣቸው በሽታዎች ያሉባቸው ሲሆኑ፣ ለሕክምናቸው ክፍያ አይጠየቁም ነበር።

በዚህ ሆስፒታል አመሠራረት ላይ አንድ መሠረታዊ ክርክር ተነሥቶ ነበር። የተቋሙ መሪ ሳይመን ፍሌክስነር ሆስፒታሉ በተቋሙ ቤተ ሙከራዎች የሚፈልቁ ሐሳቦች የሚፈተኑበት ሥፍራ እንዲሆን ያስቡ ነበር። የመጀመሪያው የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ሩፉስ ኮል ግን ሐኪሞቹ የሌላ ሰው ሐሳብ ፈታኞች ብቻ እንዳይሆኑ፣ በሽተኞቻቸውን እያከሙ የራሳቸውን ምርምር በራሳቸው ቤተ ሙከራ እንዲያካሂዱ አጥብቀው ተከራከሩ፤ ሐሳባቸውም ተቀባይነት አገኘ። የሐኪሙ ሙሉ ጊዜ ለምርምርና ለሕክምና እንዲውል፣ ኑሮውም በግል ሥራ ሳይሆን በደመወዝ እንዲደገፍ ተወሰነ።

የዚህ ውሳኔ ፍሬ ባልተጠበቀ መንገድ ታየ። ኦስዋልድ ኤቨሪ የተባሉት ሐኪም በ1913 ወደ ሆስፒታሉ የመጡት የሳንባ ምች የሚታከምበትን ሴረም ለማዘጋጀት ነበር። የሳንባ ምች ባክቴሪያ ዓይነቶችን ለረጅም ዓመታት ሲመረምሩ ቆይተው፣ በ1944 ከኮሊን ማክሊዮድና ከማክሊን ማካርቲ ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ የባክቴሪያውን የዘር ጠባይ የሚለውጠው ንጥረ ነገር ዲኤንኤ መሆኑን አሳዩ። ሦስቱም በሕክምና የተመረቁ ነበሩ። የዘመናዊው የዘረመል ሳይንስ አንዱ ዋና ምሰሶ የተተከለው እንግዲህ ከአንድ የመኝታ ክፍል ጥያቄ ተነሥቶ ነው። ሽግግሩ ከቤተ ሙከራ ወደ በሽተኛ ብቻ የሚሄድ የአንድ አቅጣጫ መንገድ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የቤቴስዳ ትውልድ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ መንግሥት ለሕክምና ምርምር የሚመድበው ገንዘብ በእጅጉ አደገ። በ1953 በቤቴስዳ ሜሪላንድ የብሔራዊ የጤና ተቋማት የክሊኒክ ማዕከል ተከፈተ። በዚህ ሕንፃ የሕሙማን ክፍሎችና ቤተ ሙከራዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው ስለ ነበር፣ ሐኪሙ ከበሽተኛው ተነሥቶ በጥቂት እርምጃ ከመሣሪያው ዘንድ ይደርሳል። በዚሁ ማዕከል ለወጣት ሐኪሞች የተዘጋጀ የምርምር ሥልጠና ተጀመረ። በዘመኑ ሐኪሞች ለውትድርና አገልግሎት ይጠሩ ስለ ነበር፣ በብሔራዊ የጤና ተቋማት የሚሰጥ አገልግሎት ግዴታውን ይተካላቸው ነበር። በተለይ በቬትናም ጦርነት ዓመታት የአገሪቱ ብርቱ ወጣት ሐኪሞች በብዛት ወደ ቤቴስዳ ጎረፉ።

ከእነዚህ መካከል በቦስተን በሚገኘው የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል በ1966 አብረው በተለማማጅ ሐኪምነት የተዋወቁት ጆሴፍ ጎልድስታይንና ማይክል ብራውን ይገኙበታል። ሁለቱም በ1968 ወደ ቤቴስዳ ሄዱ። ጎልድስታይን በማርሻል ኒረንበርግ፣ ብራውን ደግሞ በኧርል ስታድማን ቤተ ሙከራ ጥብቅ የባዮኬሚስትሪ ሥልጠና አገኙ። በዚያው ጊዜ ጎልድስታይን በዶናልድ ፍሬድሪክሰን አገልግሎት ሥር በሽተኞችን ይከታተሉ ስለ ነበር፣ ገና በሕፃንነታቸው በልብ የደም ሥር ሕመም የተያዙ እኅትና ወንድም አጋጠሟቸው። ሕፃናቱ ከሁለቱም ወላጆቻቸው በወረሱት የዘር እክል ምክንያት የደማቸው ኮሌስትሮል ከመደበኛው በብዙ እጥፍ ከፍ ያለ ነበር። ለዚህ ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ በወቅቱ የሚያውቅ አልነበረም።

ሁለቱ ሐኪሞች ይህን ጥያቄ ይዘው ወደ ዳላስ ቴክሳስ ተዛወሩ። ከእንዲህ ያሉ በሽተኞች ከቆዳቸው የተወሰዱ ሕዋሳትን በቤተ ሙከራ እያራቡ ሲመረምሩ፣ የጤናማ ሰው ሕዋስ ኮሌስትሮል ተሸካሚውን ኤልዲኤል ከደም የሚቀበልበት ተቀባይ ፕሮቲን እንዳለው፣ በሽተኞቹ ግን ይህ እንደሚጎድላቸው በ1973 እና በ1974 ባሳተሟቸው ሥራዎች አሳዩ። በዚያው ዘመን ጃፓናዊው ሳይንቲስት አኪራ ኤንዶ ከሻጋታ የኮሌስትሮል ምርትን የሚገታ ንጥረ ነገር አግኝተው ነበር። የሁለቱ ወገኖች ዕውቀት ሲገጣጠም የስታቲን መድኃኒቶች በምን መንገድ እንደሚሠሩ ግልጽ ሆነ። የመጀመሪያው ስታቲን ሎቫስታቲን በ1987 በአሜሪካ ለአገልግሎት ተፈቀደ፤ ጎልድስታይንና ብራውን ደግሞ በ1985 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ በየጤና ተቋሙ የሚታዘዘው የስታቲን ክኒን የኋላ ታሪኩ ሲመረመር፣ ባዮኬሚስትሪ የተማሩ ሁለት ሐኪሞችና የሁለት ሕፃናት የሕመም ታሪክ ይገኙበታል።

ከዚያ የቤቴስዳ ሥልጠና ያለፉት ሃሮልድ ቫርመስ፣ ስታንሊ ፕሩሲነርና ሮበርት ሌፍኮዊትዝም ኋላ የኖቤል ተሸላሚዎች ሆነዋል። ይህ ውጤት የጥቂት ሰዎች ተሰጥዖ ብቻ ያመጣው አልነበረም። ከዕለታዊ የሕክምና ጫና የተጠበቀ ጊዜ፣ ጠንካራ አስተማሪና ቅርብ የሆነ የሕሙማን ክፍል በአንድ ሥፍራ ሲገኙ የሚሆነውን ያሳያል። ሥርዓቱ ግን በጦርነት ግዴታ ላይ የቆመ ነበርና፣ ብሔራዊ ምልመላው በ1973 ሲቋረጥ ዋናው ገፊ ኃይሉ አብሮ ቆመ።

ሁለት ዲግሪ፣ አንድ ሰው

ቤቴስዳ በነበረችበት ከፍታ ላይ ሳለች ሌላ መንገድም ተከፍቶ ነበር። ይህም አንዱን ተማሪ በሕክምና ዶክተርነትም በፍልስፍና ዶክተርነትም፣ ማለትም በፒኤችዲ፣ ማሠልጠን ነው። በክሊቭላንድ የሚገኘው የዛሬው ኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ በ1956 ጀመረው። በ1964 ብሔራዊ የጤና ተቋማት የሕክምና ሳይንቲስቶች ሥልጠና መርሐ ግብርን በሦስት ትምህርት ቤቶች፣ በአልበርት አይንስታይን የሕክምና ኮሌጅ፣ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲና በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ፣ በገንዘብ መደገፍ ጀመሩ። መርሐ ግብሩ በኋላ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፍቶ እስከ ዛሬ ቆይቷል።

ይህ መንገድ ብርቱ ተመራማሪዎችን ቢያፈራም ሁለት ገደቦች አሉት። የመጀመሪያው ርዝመቱ ነው፤ ሁለቱን ዲግሪዎች ለመጨረስ ስምንት ዓመት ያህል ይፈጃል፤ የስፔሻሊቲ ሥልጠናም ከዚያ በኋላ ይጠብቃል። ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ እንዲህ ባለ ረጅምና ውድ ሥልጠና የሚያልፉት ጥቂቶች ናቸው። በ1979 ጄምስ ዊንጋርደን የተባሉት ሐኪም በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ በጻፉት ጽሑፍ፣ በሽተኛን ይዞ የሚመራመረው ሐኪም ሊጠፋ እንደ ተቃረበ የዱር እንስሳ ሆኗል ሲሉ አስጠነቀቁ። ወጣት ሐኪሞች ዕዳቸውን ለመክፈልና የተረጋጋ ኑሮ ለመያዝ ከምርምር እየራቁ ነበር። ዊንጋርደን ከሦስት ዓመት በኋላ የብሔራዊ የጤና ተቋማት ዳይሬክተር ሆኑ፤ ሥጋታቸው ግን በሹመት ብቻ የሚፈታ አልነበረም።

በዚሁ ጊዜ ሞለኪዩላዊ ባዮሎጂ እየረቀቀ ሄደ። የሕክምና ምርምር ሸክም ከሐኪሙ ትከሻ እየወረደ ወደ ፒኤችዲ ምሩቁ ተዛወረ። ይህ ምሩቅ ዘረመልን ነጥሎ ማውጣት፣ ፕሮቲንን ማጥራት፣ የአይጥን ዘር መለወጥ ያውቃል። የሚመራመርበት በሽታ ግን በሰው ላይ ሲሆን ምን እንደሚመስል፣ ሕመሙ እንዴት እንደሚጀምር፣ ሐኪሙ የት ላይ እንደሚቸገር አያውቅም፤ ምክንያቱም በትምህርቱ ዘመን አንድም በሽተኛ አላየም። ሐኪሙ ደግሞ በበኩሉ የቤተ ሙከራውን ቋንቋ መከታተል አቃተው። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ግቢ እየዋሉ የማይግባቡ ጎረቤቶች ሆኑ።

የዶክትሬት ተማሪው ወደ ሕሙማን ክፍል ሲገባ

ሁሉንም ተመራማሪ ሐኪም ማድረግ ካልተቻለ፣ ሐኪም ያልሆነውን ተመራማሪ በሽታን እንዲያውቅ ማድረግ ይቻላል የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የዚህ ሐሳብ ቀዳሚ አራማጅ የጉበት ሕመም ሊቅ የሆኑት ሐኪም ኧርዊን አሪያስ ናቸው። በቦስተን በሚገኘው ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ለፒኤችዲ ተማሪዎች የበሽታ ሥነ ባሕርይ ትምህርት አዘጋጁ፤ በ1989 ደግሞ መሠረታዊ ሳይንቲስቶች ዕውቀታቸውን ከሰው በሽታ ጋር እንዲያገናኙ ማሠልጠን እንደሚያስፈልግ በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ጻፉ። አሪያስ ኋላ ወደ ቤቴስዳ ተዛውረው በ2002 ተመሳሳይ ተከታታይ ትምህርት ጀመሩ። በዚህ ትምህርት አንድ በሽታ ይመረጣል፤ በሽተኛው ወይም የሕመሙ ታሪክ ይቀርባል፤ ሐኪሙ ስለ ምርመራውና ስለ ሕክምናው ያስረዳል፤ ሳይንቲስቱ ደግሞ ስለ በሽታው ሞለኪዩላዊ አሠራር የሚታወቀውንና ገና ያልታወቀውን ይናገራል።

ከዚያ ወዲህ ትልልቅ የድጋፍ ተቋማት ሐሳቡን አነሡት። ሉሲል ማርኪ የተባለው የበጎ አድራጎት ተቋም ከ1980ዎቹ እስከ 1990ዎቹ ድረስ ለሥነ ሕይወት ሳይንስ ከሰጠው ድጋፍ የተወሰነውን በመሠረታዊ ሳይንስና በክሊኒክ ሥራ መካከል ያለውን ክፍተት ለሚያጠብቡ ሥልጠናዎች አዋለ። በ2000ዎቹ አጋማሽ የሃዋርድ ሂዩዝ የሕክምና ተቋም ሕክምናን ወደ ፒኤችዲ ትምህርት ለማስገባት የታቀደ ድጋፍ ለተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች መስጠት ጀመረ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቤን ባረስ የመሩት መርሐ ግብር ከእነዚህ አንዱ ነው። ባረስ ራሳቸው በነርቭ ሕክምና ሠልጥነው፣ ለሚያክሟቸው በሽታዎች መንስኤ ብዙ መልስ እንደሌለ አይተው ወደ ቤተ ሙከራ የተመለሱ ሐኪም ነበሩ፤ በ2017 አርፈዋል። በእርሳቸው መርሐ ግብር የፒኤችዲ ተማሪዎች ከሕክምና ተማሪዎች ጋር መሠረታዊ የሕክምና ትምህርቶችን እየተማሩ፣ በሆስፒታል የሐኪሞችን ሥራ በቅርብ ይከታተላሉ።

በመንግሥት ደረጃም የብሔራዊ የጤና ተቋማት ዳይሬክተር የነበሩት ኤልያስ ዘርሁኒ በ2003 ለሕክምና ምርምር አዲስ የጉዞ ካርታ አስታወቁ። በ2006 የክሊኒክና የአሸጋጋሪ ሳይንስ ድጋፍ ለመጀመሪያዎቹ 12 ተቋማት ተሰጠ፤ የተመራማሪዎች ሥልጠና የድጋፉ አንዱ አካል ነበር። በ2011 መጨረሻ ደግሞ ለዚሁ ሥራ የተለየ ብሔራዊ ማዕከል ተቋቋመ።

የእነዚህ መርሐ ግብሮች አደረጃጀት ከቦታ ቦታ ቢለያይም የጋራ ጠባይ አላቸው። ተማሪው ሁለት አማካሪዎች ይኖሩታል፤ አንዱ ከቤተ ሙከራ፣ ሌላው ከሕሙማን ክፍል። የሥነ በሽታና የሰው አካል አሠራር ትምህርት ይሰጠዋል። ከሐኪሞች ጋር ዙር ይወጣል። የክሊኒክ ሙከራ አሠራርን፣ የስታትስቲክስና የምርምር ሥነ ምግባርን ይማራል። ዓላማው ተማሪውን ግማሽ ሐኪም ማድረግ አይደለም፤ ትክክለኛውን ጥያቄ እንዲመርጥና መልሱን ለማን እንደሚያቀብል እንዲያውቅ ማድረግ ነው።

የኢትዮጵያ ልምድ

ይህ ታሪክ በአሜሪካ ጎልቶ ይታይ እንጂ ኢትዮጵያም የራሷ ልምድ አላት። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ አካባቢ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ባለው ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። የእንዶዱ አረፋ የበሽታውን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በሙከራ አረጋገጡ። በ1966 የፓቶባዮሎጂ ተቋም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ፤ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከ1969 ጀምሮ በአድዋ በተካሄደው የአምስት ዓመት የመስክ ጥናት በትንንሽ ሕፃናት ላይ የበሽታው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ገደማ ወረደ። ዶክተር አክሊሉ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 “ራይት ላይቭሊሁድ” የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

ሆኖም የእንዶድ ግኝት በዓለም አቀፍ ደረጃ በሰፊው ሥራ ላይ አልዋለም። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች የመርዛማነት ጥናቱ ደረጃቸውን በጠበቁ ቤተ ሙከራዎች እንዲሠራ ጠየቁ፤ እንዲህ ያለ ቤተ ሙከራ በአገር ውስጥ አልነበረም። በካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ጥናቱ እስኪካሄድ ብዙ ዓመታት አለፉ። በዚህ መካከል ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ቀርቦ የቢልሃርዚያ መከላከል ትኩረት ወደ ክኒን ዞረ። በእንዶድ ታሪክ ግኝቱ፣ የመስክ ማስረጃውና የሕዝቡ ዕውቀት ነበሩ። የጎደለው ግኝቱን ከመስክ ተቀብሎ በመርዛማነት ጥናት፣ በምርት ዝግጅትና በፈቃድ ደረጃዎች የሚያሻግር የሠለጠነ ቡድንና ተቋም ነበር። አክሊሉ ለማ ብቻቸውን ብዙ ርቀት ተጓዙ፤ “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” የሚባለው ግን እንዲህ ላለው ሥራ ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ ልምድ አለ። በ1970 በአዲስ አበባ፣ ከአለርት የሥጋ ደዌ ሆስፒታል አጠገብ፣ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ድጋፍ አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተመሠረተ። ስሙን ያገኘው በ1873 የሥጋ ደዌን ባሲለስ ካገኙት ኖርዌጂያዊ ሐኪም ነው። ቤተ ሙከራው የተሠራው በሽተኞቹ ካሉበት ሥፍራ አጠገብ መሆኑ ከሮክፌለር ሆስፒታል ሐሳብ ጋር ይመሳሰላል። በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ሕሙማን ላይ የተደረጉ ጥናቶች የሥጋ ደዌ ባሲለስ ዳፕሶን የተባለውን መድኃኒት እየተላመደ መምጣቱን፣ መድኃኒቱን ቀድሞ ባልወሰዱ ሰዎች ላይ ሳይቀር አሳዩ። ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰበ እንዲህ ያለ ማስረጃ የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በ1981 የጥምር መድኃኒት ሕክምናን እንዲመክሩ ምክንያት ሆነ። ማስረጃው የተገኘው መድኃኒቱን በየቀኑ እየዋጠ የማይድነውን በሽተኛ ያስተዋለ የጤና ባለሙያ ስለ ነበረ ነው።

ተቋሙ ለኢትዮጵያውያን የዶክትሬት ተማሪዎችም በር ከፍቷል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በውጭ ዩኒቨርሲቲ ተመዝግበው የምርምር ሥራቸውን በአገር ውስጥ የሚያካሂዱበትን፣ በተለምዶ “ሳንድዊች” የሚባለውን አሠራር ተከትለዋል። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በቡታጅራ ያካሄደው የኅብረተሰብ ጤና ጥናትም ለብዙ የዶክትሬት ሥራዎች መሠረት ሆኗል። የዚህ አሠራር ጥቅም ተማሪው ከአገሩ በሽታ ሳይርቅ ከዳበረ የምርምር ባህል መማሩ ነው። ጉድለቱ ደግሞ የምርምሩ ጥያቄ አንዳንድ ጊዜ ከመኝታ ክፍሉ ይልቅ ገንዘቡ ከመጣበት አገር መመንጨቱ፣ ውጤቱም በውጭ መጽሔት ታትሞ ናሙናው ወደ ተወሰደበት ጤና ጣቢያ ሳይመለስ መቅረቱ ነው። በ2010ሮቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው፣ በመድኃኒት ልማትና በክሊኒክ ሙከራ ላይ የሚያተኩረው ሲዲቲ አፍሪካ የተባለው ማዕከል ሥልጠናውን ወደ አገር ውስጥ ለማምጣት ከተደረጉት ጥረቶች አንዱ ነው።

ከታሪኩ የሚገኙ ትምህርቶች

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ አራት ነጥቦች ጎልተው ይወጣሉ።

አንደኛ፣ ርቀት ይቆጠራል። በኒው ዮርክም፣ በቤቴስዳም፣ በአዲስ አበባም ፍሬ የተገኘው ቤተ ሙከራውና የሕሙማን ክፍሉ በተቀራረቡበት ነው። አዲስ ሕንፃ መሥራት ባይቻል እንኳ ተማሪው በሳምንት አንድ ቀን በሕሙማን ክፍል እንዲውል ማድረግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ሁለተኛ፣ የተጠበቀ ጊዜ የግድ ነው። ሩፉስ ኮል ለሐኪሞቻቸው የጠየቁት ሙሉ ጊዜ ዛሬም በብዙ አገር ያልተመለሰ ጥያቄ ነው። ቀኑን ሙሉ በተመላላሽ ክፍል ሲያክም የዋለ ሐኪም የዶክትሬት ተማሪን በወጉ ማማከር አይችልም።

ሦስተኛ፣ ድጋፍ ሲቆም አብሮ የሚቆም ሥርዓት ሥር አልሰደደም። የቤቴስዳ ሥልጠና በወታደራዊ ምልመላ ማብቃት፣ ሌሎችም በበጎ አድራጎት ድጋፍ ጊዜ መገደብ ተፈትነዋል። ሥልጠናው የዩኒቨርሲቲው መደበኛ ሥርዓተ ትምህርትና በጀት አካል ካልሆነ ከአንድ ትውልድ አያልፍም።

አራተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነጥብ ግን የጤና ባለሙያው ድርሻ ነው። ከበሽተኛ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገናኝ የዶክትሬት ተማሪ መምህሩ ፕሮፌሰሩ ብቻ አይደለም። ቁስሉ ለምን እንዳልዳነ የምታስረዳው ነርስ፣ መድኃኒቱ በስንተኛው ሳምንት እንደሚቋረጥ የሚያውቀው የጤና መኮንን፣ ናሙናው በምን ምክንያት እንደሚበላሽ የሚናገረው የላቦራቶሪ ባለሙያ መምህራኑ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ተማሪውን እንደ ናሙና ሰብሳቢ እንግዳ ብቻ ካዩት፣ እርሱም እነርሱን እንደ በር ከፋች ብቻ ካያቸው፣ የምስክር ወረቀት እንጂ አሸጋጋሪ ተመራማሪ አይወጣም። ከሁሉም በላይ በሽተኛው አለ። ደሙን፣ ቆዳውንና ጊዜውን የሰጠ ሰው በምርምሩ ምን እንደ ተገኘ የመስማት መብት አለው፤ ይህን የሚነግረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያክመው የጤና ባለሙያ ነው።

ማጠቃለያ

አሸጋጋሪ ምርምር የሚለው ስም ከ1990ዎቹ ወዲህ ቢስፋፋም ሥራው የቆየ ነው። ኤቨሪ ከሳንባ ምች ወደ ዲኤንኤ፣ ጎልድስታይንና ብራውን ከሁለት ሕፃናት ወደ ስታቲን፣ የአዲስ አበባ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ከማይድን የሥጋ ደዌ በሽተኛ ወደ ጥምር ሕክምና ሲያመሩ በመካከል የቆመ የሠለጠነ ሰው ነበር። የእንዶድ ታሪክ ደግሞ ከግኝቱ በኋላ ተረካቢ በጠፋ ጊዜ ምን እንደሚሆን ያሳያል። የዶክትሬት ተማሪዎች ቁጥር በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች እየጨመረ ባለበት በዚህ ዘመን፣ ስንት ሰዎች ተመረቁ ከሚለው ቁጥር ጎን ለጎን መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ከተመራቂዎቹ መካከል የምርምር ጥያቄያቸውን ከበሽተኛ ያገኙና መልሱንም ለበሽተኛው የመለሱት ስንቶቹ እንደ ሆኑ ነው። ለዚህ የሚሰጠው መልስ በዩኒቨርሲቲዎቹ ብቻ የሚወሰን አይሆንም፤ ተማሪውን በመኝታ ክፍሉ ተቀብለው የሚያስተምሩት የጤና ባለሙያዎችም ይወስኑታል።